ዋሻ ሚካኤል ጠያቂ አጣ

ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚወጣውን መኪና ያየ ሰው፣ አዲስ አበባ ከተራራዋ ጋር ታረቀች ይላል። ልጆቹን ይዞ የሚወጣ አባወራ አለ፤ ከነሚዜዎቹ የሚወጣ ሙሽራ አለ፤ ጎሕ ሳይቀድ ለልምምድ የወጣው ሯጭ ቁልቁል ሲወርድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተመርቆ የተከፈተው የእንጦጦ መናፈሻ ለዚህ ከተማ ሕዝብ ትልቅ ውለታ ውሏል። ብቻውን ለመሄድ ሰው ይፈራው የነበረው ጫካ ዛሬ ፈረስ የሚጋለብበት፣ ብስክሌት የሚነዳበት፣ ቡና እየተጠጣ ከተማዋ ቁልቁል የምትታይበት ቦታ ሆኗል። በዚህ ደስ ይለኛል፤ ደስታዬንም አልደብቅም።

ነገር ግን ይኸው የተራራ ሰንሰለት ወደ ምሥራቅ ሲዘልቅ፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ተራራ ላይ፣ የዘመኑ መሐንዲስ ሁሉ ተሰብስቦ ቢጠበብ መልሶ ሊሠራው የማይችለው ነገር አለ። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሕዝቡ ዋሻ ሚካኤል ይለዋል። ላሊበላን ለማየት አውሮፕላን የሚሳፈረው የአዲስ አበባ ሰው፣ ከመገናኛ በታክሲና በእግር የሚደረስበትን ይህን ፍልፍል ሳያይ ዕድሜውን ይፈጃል። የካ ተወልደው የካ የተዳሩ ሰዎችን ጠይቄ አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ ስሙን ሰምተዋል፣ መንገዱን ግን አያውቁትም። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ለዚህ ነው። ዋሻ ሚካኤል ጠያቂ አጥቷል፤ ጠያቂ ያጣ ቅርስ ደግሞ ባለቤት እያለው ይፈርሳል።

መንገዱ በባሕር ዛፍ መካከል ሽቅብ ይወጣል። የረገፈው ቅጠል በበጋ ከእግር ሥር ያንሸራትታል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ይይዛል። በበጋ የሄደ ሰው ወደ ውስጥ ዘልቆ ግድግዳውን በእጁ መዳሰስ ይችላል። መዳፉን ቢያሳርፍበት የመሮው ጭረት ይሰማዋል፤ አጫጭር፣ አንዱ ካንዱ ጎን የተደረደረ፣ አንዳንዱ ጠለቅ ያለ፣ አንዳንዱ ዘመን ያለሰለሰው። በሩ፣ መስኮቱ፣ አምዱ ከሌላ ቦታ ተጭኖ የመጣ አይደለም። ሁሉም ከዚያው ከተራራው ሥጋ የወጣ ነው፤ ፈልፋዩ የማይፈልገውን እየቀነሰ የሚፈልገውን ያስቀረው። አንድ ጊዜ የተሳሳተ መሮ ተመልሶ አይጠገንም። ይህን እያሰቡ አንዱን አምድ ከላይ እስከ ታች ማየት ብቻውን የመንገዱን ድካም ያስረሳል።

ጣሪያው ግን ወድቋል። ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ አመድ የረጋ፣ ለመፈልፈል የሚመች ለስላሳ ዓይነት ነው፤ ለመሮ የራራው ልስላሴ ለዝናብም ራራ። ክረምት ሲገባ ውስጡ ውሃ ይተኛበታል። አንድ መስከረም ወጥቼ ከአፋፉ ቆሜ ሳይ ወለሉ አይታይም ነበር፤ አረንጓዴ ውሃ ብቻ ነው የሚታየው፤ የግድግዳው ግርጌ ሽበት አብቅሏል። እዚያ ያገኘኋቸውን አንድ አዛውንት፣ «አባቴ፣ ይህ ውሃ መቼ ይጎድላል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ለኅዳር ሚካኤል ይቀንሳል። እስከዚያ የሚመጣ ሰው ከላይ ሆኖ ተሳልሞ ይመለሳል» አሉኝ። ቀጠል አድርገው፣ «የሚመጣውም ጥቂት ነው» አሉ። ቅሬታ የለበትም አነጋገራቸው። ለምደውታል። እኔን ያሳዘነኝ ይኸው መልመዳቸው ነው።

የዋሻውን ዕድሜ በሚመለከት የአካባቢው ትውፊት እስከ አብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ድረስ ይወስደዋል። የሕንፃ ታሪክ የሚያጠኑ ምሁራን ደግሞ በመካከለኛው ዘመን ውስጥ፣ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ዘመን ብዙም ሳይርቁ ያስቀምጡታል። እኔ በዚህ ክርክር የምፈርድ ሰው አይደለሁም፤ ሁለቱም ወገን ለሚለው ክብር አለኝ። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ግን አንድ ነገር ያስማማናል፤ ይህ ቦታ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ቤት ካሠሩባትና አዲስ አበባ ብለው ስም ካወጡላት ከተማ በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጣል።

የከተማችንን ታሪክ ከ1879 መጀመር ስለለመድን ነው ከዚያ በፊት ያለው የሚረሳን። ቬኒሳዊው መነኩሴ ፍራ ማውሮ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1450 ገደማ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል የነገሥታት ከተማ አለች። ከግራኝ አሕመድ ጦርነት በኋላ ስሟ ጠፋ፤ ተመራማሪዎች ዛሬ ድረስ ፍርስራሿን በዚሁ በሸዋ ምድር፣ በወጨጫና በየረር መካከል ባለው አገር ይፈልጉታል። ምኒልክም ወደ እንጦጦ የወጡት የዐፄ ዳዊትን የድሮ ከተማ ፍለጋ እንደነበር ይተረካል። ዋሻ ሚካኤል የዚያ የጠፋ ዘመን ምስክር ሆኖ ከራሳችን በላይ ቆሟል፤ በጽሑፍ ብቻ የቀረ ሳይሆን በእጅ የሚዳሰስ።

ለሕክምና፣ ለንግድ፣ ለትምህርት ወደ ሕንድና ወደ ባንኮክ የሚመላለሱ ወዳጆች አሉኝ። ሲመለሱ በስልካቸው የሚያሳዩኝ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከቤተ መቅደስ ደጃፍ የተነሡት ነው፤ ወርቅ ከተለበጠ የቡድሃ ምስል ፊት፣ በአበባ ካጌጠ የሂንዱ ቤተ መቅደስ በር ላይ። ጫማ አውልቀው፣ ትከሻቸውን ሸፍነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደገቡ ይነግሩኛል። ሃይማኖቱ የእነሱ ባይሆንም ሥርዓቱን አክብረዋል፤ የሚመሰገን ነው። ዋሻ ሚካኤልን አይታችሁታል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ግን የሚመልስልኝ የለም።

ሕንድን ካነሣን አይቀር፣ የኤሎራን ነገር ለአንባቢዬ ላውሳ። በማሃራሽትራ ግዛት፣ ከአንድ የተራራ ገደል ጎን ላይ 34 ፍልፍል ቤተ መቅደሶችና ገዳማት ተደርድረዋል። 12ቱ የቡድሂስቶች፣ 17ቱ የሂንዱዎች፣ 5ቱ የጃይኖች ናቸው። ከሁሉ የሚገርመው ካይላሳ የሚባለው ነው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ክሪሽና ቀዳማዊ ዘመን፣ ተራራው ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ፣ ጣሪያው መጀመሪያ፣ መሠረቱ መጨረሻ ወጣ። ከላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ የሠሪዎቹን ሐሳብ ወዲያው ይረዳዋል። ባሕር የለያቸው፣ ሃይማኖት የለያቸው ሰዎች አለትን በአንድ ዓይነት ትዕግሥት አነጋገሩት። ኤሎራ በፈረንጆቹ 1983 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ የእኛ ላሊበላ ቀድሞ በ1978 ተመዝግቧል። በክብር አንተናነስም።

የምንተናነሰው በጥበቃው ነው። ከኤሎራ ብዙም ሳይርቅ አጃንታ የተባሉ የቡድሂስት ዋሻዎች አሉ፤ ግድግዳቸው ላይ ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሥዕል አለ። የጎብኚው መኪና እዚያ ደጃፍ አይደርስም፤ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይቆምና ሰው በተዘጋጀለት አውቶቡስ ይገባል፤ ጭስና ንዝረት ሥዕሉን እንዳይጎዳ። በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት ያለው ቦሮቡዱር፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የታነጸው ታላቁ የቡድሂስት ሐውልት፣ የድንጋይ ደረጃው በጎብኚ ጫማ እየተበላ አስቸገረ። በ2023 መፍትሔ ሲያበጁለት ወደ ላይ የሚወጣውን ሰው በቀን 1,200 አድርገው ገደቡት፤ የሚወጣውም የአካባቢው ገበሬና ባለእጅ ከተክል ቅጠል ጠልፎ የሠራውን ለስላሳ ሰንደል ተጫምቶ ነው። ድንጋዩ አረፈ፤ መንደርተኛውም እንጀራ አገኘ። ካምቦዲያ ውስጥ አንኮር ዋትን የሚያይ የውጭ አገር ሰው ለአንድ ቀን 37 ዶላር ሲከፍል፣ ከዚያ ላይ 2ቱ ዶላር ካንታ ቦፓ ለሚባሉት ነጻ የሕፃናት ሆስፒታሎች ይሄዳል። ይህ ሥርዓት ልቤን ይነካዋል፤ ቅርሱን ሊያይ የመጣ እንግዳ የታመመ ሕፃን አሳክሞ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ለእኛ የማይቻል አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ በቡታጅራ መንገድ ወጣ ብሎ አዳዲ ማርያም አለች፤ እሷም ፍልፍል ናት። በ1990ዎቹ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ በስዊዘርላንድ መንግሥት ድጋፍ ተጠግና ዛሬ ቅዳሴ ይቀደስባታል፣ ጎብኚም ያያታል። ዋሻ ሚካኤልን ለአዳዲ ማርያም ከተደረገው ጥንቃቄ የሚያሳንሰው ምን አለ? አለቱ ያው ነው፤ ጥበቡ ያው ነው። ያውም ይኸኛው በመዲናዋ ውስጥ፣ ከኢንጂነሪንግና ከአርኪዮሎጂ ትምህርት ክፍሎች የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው ያለው።

ጥገና ስል ግን ቆርቆሮ ማልበስ ማለቴ አይደለም። በላሊበላ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት ግዙፍ መጠለያዎች ለጊዜው ተብለው ገብተው ዓመታት ቆዩ፤ የላሊበላ ሰውም ንፋስ በተነሣ ቁጥር በቤተ ክርስቲያኖቹ ላይ ይወድቃሉ ብሎ በስጋት ኖረ። ለዋሻ ሚካኤል መጀመሪያ የሚያስፈልገው ትልቅ ግንባታ ሳይሆን ውሃውን የሚመልስ ቦይ ነው። ከላይ ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ ዋሻው ሳይደርስ በጎን ቢመለስ፣ ከአጠገቡ ያለው የባሕር ዛፍ ሥር ቢነሣ፣ ድንጋዩ የሚተነፍስበት ጊዜ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ባለሙያ አጥንቶ ቀላል ጣሪያ ይመክር ይሆናል። ይህን የሚወስነው የሚያውቀው ሰው ነው። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ባለይዞታው ቅርሱን እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ጥገናም ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳይደረግ ይከለክላል። ሕጉ አለ ማለት ነው። የደብሩ ሰበካ ጉባኤ፣ የቅርስ ባለሥልጣንና የየካ ክፍለ ከተማ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ አንድ በጋ የማይበቃው ሥራ አይመስለኝም።

«ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቤት ነው፤ ቱሪስት ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አባቶችና እናቶች አሉ። ይህን አባባል አላጣጥለውም። እንጦጦ ላይ ያየሁት ነገር እነሱ የሚፈሩትን አሳይቶኛልና። እንጦጦ ማርያም ታላቅ ስፍራ ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት የተባሉት በዚያ ነው። ከአጠገቡ ያለው ቤተ መንግሥታቸው የጭቃና የእንጨት ቤት ነው፤ ወለሉን ረግጦ ያየ ሰው የአድዋው መሪ በምን ዓይነት ቤት ይኖሩ እንደነበር ይገባዋል። ሙዚየሙም የእሳቸውንና የእቴጌይቱን መታሰቢያ ይዟል። ጎብኚ ቢበዛ ተገቢ ነው።

በዚያው ተራራ ላይ ግን የኪዳነ ምሕረት ጸበል አለ። በሽታ የጸናባቸው ሰዎች ከሩቅ አገር መጥተው ይሰነብቱበታል። የኤችአይቪ ስም እንኳ በሹክሹክታ ይነሣ በነበረበት ጊዜ፣ ዘመድ የከዳቸው ሁሉ መጠጊያቸው ይህ ጸበል ነበር። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስም ጸበሉንና የሐኪሙን መድኃኒት ጎን ለጎን ውሰዱ ብለው ምእመናኑን መምከራቸው ብዙ ነፍስ አትርፏል። እንዲህ ባለ ቦታ ስልኩን አውጥቶ፣ ራቁቷን ጸበል የወረደባትን፣ የምትጮህ ሴት የሚቀርጽ ሰው አይቻለሁ። እንግዳ አገር ሰው አይደለም፤ የእኛው ልጅ ነው። አጠገቡ የነበረችው እህቷ ነጠላዋን ዘርግታ ከለለቻት። ይህ ጉብኝት አይባልም። በባንኮክ ቤተ መቅደስ ትከሻውን ሸፍኖ የገባ ሰው፣ በገዛ አገሩ የታመመችን ሴት ገመና በስልክ ሲለቅም ማየት ያማል።

ስለዚህ ለአባቶች የምሰጠው መልስ፣ ጎብኚ ይምጣ፣ ግን ሥርዓቱን እናንተ ያዙ የሚል ነው። በር ላይ የቆመ የሠለጠነ ዲያቆን፣ ካሜራ የሚፈቀድበትንና የማይፈቀድበትን የሚናገር፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ታሪኩን አስተካክሎ የሚያስረዳ፣ ለሰጡት ገንዘብ ደረሰኝ የሚቆርጥ። ሰው የሚያስቀይመው ክፍያው አይደለም፤ የት እንደሚገባ አለማወቁ ነው። ዋሻ ሚካኤል በር ላይ «ይህ ገንዘብ ለውሃ መመለሻው ቦይ ነው» ተብሎ ቢጻፍ የማይከፍል ሰው ያለ አይመስለኝም። እንደ ቦሮቡዱር ቁጥር መገደብ አሁን አያስፈልገን ይሆናል፤ ነገር ግን በእጅ የተፈለፈለ ለስላሳ ድንጋይ ላይ ሕዝብ በብዛት ከመውጣቱ በፊት ሥርዓቱ መቅደም አለበት።

ከዚህ ተራራ ሳልወርድ የማነሣቸው ሌሎችም አሉ፤ ቅጠልና ማገዶ የሚሸከሙት እናቶች። በምኒልክ ዘመን የማገዶ እጦት ከተማዋን ሊያስለቅቅ ደርሶ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ታስቦ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ ተተከለና ከተማዋ ባለችበት ጸናች። የዛፉን ፍሬ ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በጀርባቸው ወደ ከተማ ያወረዱት ሴቶች ናቸው። ከየካና ከእንጦጦ ጫካ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው፣ ጭራሮውንና ቅጠሉን አስረው፣ ገመዱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ ከ30 ኪሎ በላይ ተሸክመው ዳገት ቁልቁለቱን ይወጡታል ይወርዱታል። ጭነቱ ከሴትየዋ ቁመት ይረዝማል፤ ከኋላ ሲታይ ቅጠል ብቻ ነው የሚሄደው፤ ከሥሩ ሁለት የተሰነጠቁ ተረከዞች ይታያሉ። ጎብኚው ፎቶ ሊያነሣቸው ይቆማል። እነሱ ፊታቸውን ያዞራሉ። ተራራውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነዚህ እናቶች ናቸው፤ የትኛው ጥግ እንደሚያንሸራትት፣ ውሃው ከየት ወደ የት እንደሚወርድ። ወደ ዋሻው የሚወስደው መንገድ ሲሠራ፣ ጥበቃና ቡና መሸጫ ሲኖር፣ ጎብኚ የሚመራ ሰው ሲፈለግ፣ ሥራው መጀመሪያ ለእነሱና ለልጆቻቸው ይገባል። አንኮር ለታመሙ ሕፃናት 2 ዶላር ከቆረጠ፣ እኛ ጀርባቸው ለጎበጠ እናቶች የምንቆርጠው አናጣም።

ጊዜው ደግሞ ብዙ የሚጠብቀን አይደለም። ቤቶች ወደ የካ ተራራ እየወጡ ነው፤ ዝናቡም በየክረምቱ ከድንጋዩ እየወሰደ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 እና ሰኔ 12 የየካ ሚካኤል ደጅ በምእመናን ይሞላል፤ ነጭ ነጠላ ለብሶ የሚጎርፈው ሕዝብ መንገድ ይዘጋል። ከዚያ ሕዝብ መካከል ጥቂቱ ብቻ እንኳ ቀና ብሎ ተራራውን ቢያይ፣ ወጥቶም ቢጠይቀው፣ ለቦዩ የሚሆን ጉልበትም ገንዘብም በአንድ የንግሥ በዓል ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

አንባቢዬ፣ በመጪው ቅዳሜ ወደ እንጦጦ ለመውጣት ካሰባችሁ አንድ ጊዜ በየካ በኩል ውጡ። ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ቢሆን ወደ ውስጥ መግባት ትችላላችሁ። የሚይዝ ጫማ አድርጉ፤ ነጠላ ያዙ፤ ልጆቻችሁን አስከትሉ፤ ግድግዳው ላይ ስም አትጻፉ፤ ያገኛችኋቸውን አባት በአክብሮት ጠይቁ፣ የሚነግሯችሁንም ስሙ። ስትመለሱ ያያችሁትን ውሃ፣ የወደቀውን ጣሪያ፣ የበቀለውን ሽበት ለወረዳችሁ ተናገሩ፤ ለሰበካ ጉባኤያችሁም ተናገሩ። ሰሚ እስኪገኝ ድረስ ደጋግማችሁ ተናገሩ።